ሙዚቃ በሠንጠረዥ፦ የሒሳብ ሠራተኛው ሶፍትዌር በአቀናባሪው እጅ



በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ኤክሴል አለ። ደመወዝ ይሠራበታል፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ገቢና ወጪ ይያዝበታል፣ የተማሪ ውጤት ይደመርበታል። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ይኸው የለመድነው ሶፍትዌር ሙዚቃ ለመድረስም የሚበቃ መሣሪያ መሆኑን ነው። ኤክሴል ስል ነፃውን ሊብሬኦፊስ ካልክንም ጉግል ሺትስንም ማለቴ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ልዩነት የላቸውም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆነ ከወዲሁ ያዙልኝ።

በ1957 ማክስ ማቲውስ የተባለ የቤል ላብራቶሪ መሐንዲስ ድምፅን ከቁጥር የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፈ፤ ስሙንም ሚውዚክ አለው። ቤል ላብራቶሪ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም ነበር። ስሌቱ የሚሠራበት አይቢኤም 704 ኮምፒውተር ያለው ኒው ዮርክ ከተማ ስለነበር፣ ውጤቱ በማግኔት ቴፕ እየተቀዳ ኒው ጀርሲ ወዳለው ላብራቶሪ ይመለስና ወደሚሰማ ድምፅ የሚለወጠው እዚያ ነበር። በዚህ መንገድ የወጣው የመጀመሪያው ሥራ የኒውማን ጉትማን ድርሰት ሲሆን ርዝመቱ 17 ሰከንድ ነው።

እኔ ከ17ቱ ሰከንድ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ማቲውስ በቀጣዮቹ ዓመታት ሥራውን ለሁለት የከፈለበት መንገድ ነው። በአንድ በኩል ኦርኬስትራው አለ፤ ድምፁ ከምን ተሠርቶ እንዴት እንደሚወጣ ይገልጻል። በሌላ በኩል ስኮሩ አለ፤ የትኛው መሣሪያ፣ መቼ ተነሥቶ፣ ምን ያህል ቆይቶ፣ በምን ጉልበትና በምን ከፍታ እንደሚሰማ ይዘረዝራል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሚውዚክ አምስት የተባለው እትም ሲደርስ ይህ ዝርዝር በፓንች ካርድ ላይ ይበሳ ነበር። ለአንድ ድምፅ አንድ ካርድ። ያን የካርድ ክምር ወስዳችሁ ወለል ላይ ከላይ ወደ ታች ብትደረድሩት የምታገኙት ሠንጠረዥ ነው፤ ካርዱ ረድፍ፣ በካርዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ዓምድ። እንግዲህ ኖታን በሠንጠረዥ መጻፍ እኔ ያመጣሁት ፈሊጥ አይደለም። የኮምፒውተር ሙዚቃ ኖታ ከጥንቱም መልኩ ይኸው ነው።

የማቲውስን ፈለግ ከተከተሉት ፕሮግራሞች ዛሬም በስፋት የሚሠራበት ሲሳውንድ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤምአይቲ ውስጥ የጻፈው ኒውዚላንዳዊው ባሪ ቨርኮ ነው። ነፃ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ኖታው ተራ ጽሑፍ ነው፤ በአንዱ መስመር ላይ አምስትም አሥርም ቁጥር በክፍተት ተለያይቶ ይቀመጣል፣ ከፊቱ አይ የምትባለው የላቲን ፊደል ትቀድመዋለች፣ በቃ።

ችግሩ ብዛቱ ነው። በሰከንድ ስምንት ድምፅ የሚሰማበት የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ 480 መስመር ይፈልጋል። በየመስመሩ አምስት ቁጥር ካለ 2,400 ቁጥር በእጅ መጻፍ ሊኖርባችሁ ነው። ይህ ራሱ ባልከፋ፤ የሚከፋው ማረም ሲመጣ ነው። አሥረኛውን ድምፅ ትንሽ ላርዝመው ብትሉ ከሥሩ ያሉት 470 መነሻዎች ሁሉ ይፋለሳሉ። ሲሳውንድ ራሱ ለዚህ አንዳንድ አቋራጭ ምልክቶች አሉት፤ ሆኖም ምልክቶቹ የሚያግዙት ቀላሉን ጉዳይ ነው።

ሒሳብ ሠራተኞችም የነበረባቸው ችግር ይኸው ነበር። ዳን ብሪክሊን የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ ሰሌዳ ላይ በተሠራ ሠንጠረዥ አንድ ቁጥር ሲቀየር ሌላውን ሁሉ እያጠፉ እንደገና መጻፍ ግድ መሆኑን አስተዋለ። ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖ የሠራው ቪዚካልክ በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ወጣ፤ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው። አንዱን ቁጥር ስትነኩ በእሱ ላይ የተመሠረተው ሁሉ ራሱን ያስተካክላል። አቀናባሪ የሚመኘውም ይህንኑ ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። አምስት ዓምድ ክፈቱና መሣሪያ፣ መነሻ፣ ቆይታ፣ ጉልበት፣ ከፍታ ብላችሁ ሰይሟቸው። በመጀመሪያው ረድፍ 1፣ 0፣ 0.5፣ 0.3፣ 220 ጻፉ። አንደኛው መሣሪያ በዜሮ ሰከንድ ይነሣል፣ ግማሽ ሰከንድ ይቆያል፣ ሙሉው ጉልበት 1 ቢሆን በ0.3 ይሰማል፣ ከፍታው 220 ሄርትዝ ነው። ወደ ሁለተኛው ረድፍ ስትሄዱ መነሻውን በእጃችሁ አትጻፉ፤ የበላዩ መነሻ ሲደመር የበላዩ ቆይታ የሚል ቀመር አስገቡ። ቆይታውንም የበላዩ ቆይታ ሲባዛ በ1.03 በሉት። ከዚያ ረድፉን ይዛችሁ እስከ አሥራ ስድስተኛው ድምፅ ጎትቱት። የመጨረሻው ድምፅ ቆይታ 0.78 ሰከንድ ግድም ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ዜማው እየረጋ እየረጋ ሄዷል ማለት ነው። 1.03 የነበረውን ወደ 0.97 ብትቀይሩት ያው ዜማ እየተቻኮለ ሄዶ የመጨረሻው ድምፅ 0.32 ሰከንድ ላይ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በተለመደው ኖታ አቀናባሪው እያዘገማችሁ ተጫወቱ የሚል ቃል ከመስመሩ በላይ ጽፎ ምን ያህል የሚለውን ለተጫዋቹ ይተዋል። ሠንጠረዡ ላይ ግን ያ ውሳኔ አንድ ሴል ውስጥ በቁጥር ተቀምጧል። ታየዋላችሁ፣ ትሰማዋላችሁ፣ ትቀይረዋላችሁ፣ እንደገና ትሰማዋላችሁ። ተማሪ በዚህ መንገድ ከመቶ ሦስት እጅ መዘግየትና ከመቶ አምስት እጅ መዘግየት በጆሮው ምን ያህል እንደሚለያዩ ይማራል። እኔ ለቅንብር ትምህርት ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

በዚሁ እንቀጥል ካላችሁ፣ አሥራ ስድስቱን ረድፍ ገልብጣችሁ ከሥር ለጥፉ፤ መሣሪያውን 2 አድርጉት፣ ዋናዎቹ መነሻዎች ላይ ሁለት ሁለት ሰከንድ ጨምሩ፣ ከፍታውን በ1.5 አባዙት። ሁለተኛው ድምፅ ከአንደኛው ኋላ ኋላ እየተከተለ በአምስተኛ ርቀት ይዘምራል። ረድፎቹ በጊዜ ተራ ባይቀመጡም አይጨንቃችሁ፤ ሲሳውንድ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ስለዚህ ሠንጠረዡን እንደ አሳባችሁ፣ በመሣሪያም በስንኝም፣ አደራጁት። መነሻውን አግድም፣ ከፍታውን ሽቅብ አድርጋችሁ የነጥብ ግራፍ ስታወጡበት ደግሞ የድርሰቱ ቅርጽ በአንድ እይታ ከፊታችሁ ይዘረጋል፤ የት እንደተጨናነቀ፣ የት ባዶ እንደቀረ ጆሮ ሳይነግራችሁ ዓይን ይነግራችኋል።

ስለ ሠንጠረዥና ሙዚቃ ተነሥቶ ያኒስ ዜናኪስ ሊዘለል አይችልም። ዜናኪስ ሮማኒያ የተወለደ ግሪካዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በተቃውሞ ትግሉ ተሰልፎ ፊቱ ላይ ክፉኛ ቆስሎ አንድ ዓይኑን ያጣ፣ ከዚያ ፓሪስ ገብቶ በታዋቂው አርክቴክት ለኮርቡዚየ ቢሮ የሠራ መሐንዲስ ነበር። በ1956 እና 1957 ለ21 ተጫዋቾች የደረሰው አኮሪፕሲስ የተሰኘው ሥራ የቆመው በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ 7 ረድፍ በ28 ዓምድ። ሰባቱ ረድፎች የድምፅ ቀለሞች ናቸው፤ የነሐስ ትንፋሽ፣ ከበሮ፣ በጣት የሚነጠቅ ክር፣ በደጋን የሚሳብ ክር እያሉ ይቀጥላሉ። እያንዳንዱ ዓምድ 15 ሰከንድ ነው። 28 ጊዜ 15፣ 420 ሰከንድ፤ ሰባት ደቂቃ።

ሴሎቹ 196 ናቸው። ዜናኪስ በየሴሉ ምን ያህል ድምፅ ይግባ የሚለውን በስሜት አልወሰነም። ፖይሶን የተባለውን የይሆናልነት ስርጭት ወሰደና አማካዩን 0.6 አደረገው። በዚህም 107 ሴሎች ዝም አሉ፣ 65ቱ አንድ ክስተት ተሰጣቸው፣ 19ኙ እጥፍ፣ 4ቱ ሦስት እጥፍ፣ አንዱ ብቻ አራት እጥፍ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ኤክሴል ክፈቱና ፖይሶን የሚባለውን ፈንክሽን በ0.6 አስልታችሁ በ196 አባዙት። 107.6፣ 64.5፣ 19.4፣ 3.9፣ 0.6 ይሰጣችኋል። ዜናኪስ በወረቀትና በእርሳስ የደረሰበት ቁጥር ይኸው በፊታችሁ ይወጣል። ከፊታችሁ ያለው ሴል ባዶ መሆኑም የድርሰቱ አካል እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባችኋል፤ ከግማሽ በላዩ ዝምታ ነውና።

ቁጥሮቹ ይህን ያህል ናቸው፤ የትኛው ሴል የትኛውን ይያዝ የሚለው ግን ሌላ ሥራ ነው። አማካዩን 0.6 ያለው ዜናኪስ ነው፣ ቀለሞቹን የመረጠ ዜናኪስ ነው፣ ድርሰቱ ሰባት ደቂቃ እንዲሆን የወሰነም እሱ ነው። ዕጣ ሲጣል የሚወጣው ቢወጣም ዕጣው ውስጥ ምን እንደሚገባ የሚወስን ሰው አለ። ይህን የምለው ወጣቶች የኮምፒውተርን ነሲብ ቁጥር ሲያገኙ ድርሰቱን ለማሽኑ ጥለውት የሚሄዱበትን ዝንባሌ ስለማልወደው ነው።

በ1962 ዜናኪስ ፓሪስ በሚገኝ አይቢኤም 7090 ላይ አንድ ፕሮግራም አስኬደና ለአሥር ተጫዋቾች የሚሆን ድርሰት አወጣ። የማሽኑ ውጤት በዓምድ በዓምድ የታተመ የቁጥር ዝርዝር ነበር፤ መነሻው፣ መሣሪያው፣ ከፍታው፣ ቆይታው፣ ጉልበቱ። ሰው እንዲጫወተው ያን ሁሉ ቁጥር ወደ አምስቱ መስመር መገልበጥ ግድ ሆነ። እኛ ይህ ልፋት ቀርቶልናል። ሠንጠረዡን ወደ ጽሑፍ ፋይል ቀይረን ከኦርኬስትራው ጋር ለሲሳውንድ ስንሰጠው ራሱ ይጫወተዋል።

ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ። በየስቱዲዮው የምንጠቀምባቸው የማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች ሲከፈቱ የሚያቀርቡልን የፒያኖን አሥራ ሁለት እኩል እርከን ነው። ሌላ ማስተካከያ የሚፈቅዱ አሉ፤ ነገር ግን ፈልጎ ቆፍሮ የሚያወጣው ጥቂት ሰው ነው። ክራር መቺ ግን ጅማቱን የሚያጠብቀውና የሚያላላው በጆሮው ነው፤ ቅኝቱ ፒያኖው ላይ ካሉት ቁልፎች ጋር እንዲገጥም አይገደድም። ሙዚቃችን በኪቦርድ ሲቀናበር ቅኝቱ ጠርዙ እየተሸረፈ ፒያኖው ወዳለበት ይሳባል። ይህ ለእኔ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳናስተውለው ያልፋል።

ሠንጠረዡ ከፍታን የሚያውቀው በሄርትዝ ነው፤ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም። በሌላ ገጽ ላይ ቅኝቶቹን አስቀምጡ። ሙሉውን ኦክታቭ 1,200 ሰንት ብለን ስንከፍለው፣ ትዝታ በፒያኖ ልክ 0፣ 200፣ 400፣ 700፣ 900 ነው። አምባሰል 0፣ 100፣ 500፣ 700፣ 800። አንቺሆዬ 0፣ 100፣ 500፣ 600፣ 900። መነሻው 220 ሄርትዝ ከሆነ ቀመሩ 220 ሲባዛ በ2፣ የ2 ኃይል ደግሞ ሰንቱ ሲካፈል ለ1,200 ነው። ትዝታ በዚህ ስሌት 220፣ 246.94፣ 277.18፣ 329.63፣ 369.99 ይሆናል። አሁን አንድ ክራር መቺ ሦስተኛዋን ድምፅ ከፒያኖው ዝቅ አድርጎ ቢይዛት፣ 400 የሚለውን 385 አድርጉት። 277.18 የነበረው 274.79 ይሆናል፤ በድርሰቱ ውስጥ ያቺ ድምፅ ያለችበት ረድፍ ሁሉ በቅጽበት ይታረማል። ልዩነቱ ሁለት ሄርትዝ ተኩል እንኳን አይሞላም፤ የሰለጠነ ጆሮ ግን ወዲያው ይይዘዋል።

ኦክታቭን ራሱን የተወ ሰውም አለ። አሜሪካዊው ጆን ቻውኒንግ በ1977 በፓሪስ ያሰማው ስትሪያ የተባለ ሥራ፣ ድምፅ እጥፍ የሚሆንበትን 2ን ትቶ 1.618ን ይዟል፤ ያንንም ለ18 እርከን ከፍሎታል። በሠንጠረዥ ቢሠራ ከትዝታው ቀመር 2ን አውጥቶ 1.618 መተካት፣ 1,200ን ወደ 18 መለወጥ ነው። ቅኝትን ከመሠረቱ መጠየቅ በዚህ የሙዚቃ ዓለም የተከበረ ሥራ ነው። አምባሰልና አንቺሆዬን የያዘ ሰው ወደዚያ ሲገባ ጥያቄውን ከቤቱ ይዞ ነው የሚገባው።

ይህ ዓለም ከአገራችን ጋር ፈጽሞ አልተገናኘም ማለትም ስሕተት ነው። ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥነ ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ ያንን ለዋውጦ ድርሰት አደረገው፤ በዓለም ቀደምት ከሚባሉት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች አንዱ ነው። በኋላ ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመ እሱ ነው። ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያሰለፈው ሰው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፈር ቀዳጅም ነበር።

ሥራውን ለምትጀምሩት ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለኝ። 3/2 ብላችሁ ስትጽፉ ሶፍትዌሩ ቀን የጠቀሳችሁ መስሎት ወደ ወርና ቀን ይለውጠዋል፤ ከፊቱ የእኩል ምልክት አድርጉ። ሲሳውንድ ከፍታን በኦክታቭና በእርከን የሚጽፍበት ሌላ ዘዴ አለው፤ መካከለኛው ዶ 8.00 ነው፣ ሲ ቤሞል 8.10። ኤክሴል መጨረሻ ያለውን ዜሮ ቆርጦ 8.1 ብሎ ያሳያችኋል። ማሽኑ አይሳሳትም፣ ዓይናችሁ ግን 8.01 ነው ብሎ ዶ ዲዬዝ ያነበዋል፤ ስለዚህ ዓምዱ ሁልጊዜ ሁለት አሃዝ ከነጥብ በኋላ እንዲያሳይ እዘዙት። ጀርመን፣ ጣሊያን ወይም ስዊድን ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ ኮምፒውተራችሁ የአስርዮሽ ነጥብን በነጠላ ሰረዝ ሊጽፍ ስለሚችል ፋይሉን ከማስቀመጣችሁ በፊት አስተካክሉት፤ ሲሳውንድ የሚያውቀው ነጥብን ብቻ ነው። ነሲብ ቁጥር የሚሰጠው ፈንክሽን አንድ ሴል በነካችሁ ቁጥር ሁሉንም እንደ አዲስ ያወጣል። ትናንት የወደዳችሁት ዜማ ዛሬ የለም። የወደዳችሁትን ወዲያው ገልብጣችሁ ቁጥሩን ብቻ ለጥፉት።

ከሁሉ የሚብሰው አደጋ ግን የቴክኒክ አይደለም። ሠንጠረዥ ሲያምር ሙዚቃው ያማረ ይመስላል። ቀመሩ ሥርዓት ይዞ፣ ግራፉ ተስተካክሎ፣ ሲሰማ ግን ሕይወት የሌለው ድርሰት ብዙ ነው። ሠንጠረዡ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ድምፁን ለመስማት ፋይሉን ማውጣት፣ ማስኬድ፣ መጠበቅ አለ። ያን ትንሽ ድካም እየሸሹ ሃምሳ ረድፍ ሳይሰሙ የሚጽፉ አሉ። እኔ የምመክረው ሁለት ሦስት ረድፍ በተጨመረ ቁጥር እንድትሰሙ ነው። ዳኛው ጆሮ ነው፤ ቀመሩ ምስክር ነው።

ዕድሜውንም አስቡ። ፈረንሳዊው ዣን ክሎድ ሪሴ በ1969 ቤል ላብራቶሪ ሳለ የኮምፒውተር ድምፆችን ከነቁጥራቸው ዘርዝሮ አሳተመ። ያ የተሠራበት ማሽን ዛሬ የለም፣ ቋንቋውንም የሚጠቀምበት የለም። ቁጥሮቹ ግን ወረቀት ላይ ስለነበሩ ሌሎች ወደ ሲሳውንድ አምጥተዋቸው ዛሬም ይሰማሉ። በስቱዲዮ ሶፍትዌር ብቻ የተቀመጠ ሥራ ግን ሶፍትዌሩ ሲቀየር ወይም ፈቃዱ ሲያበቃ አብሮ የመዘጋት ዕጣ ያጋጥመዋል። ቁጥርና ጽሑፍ የሆነ ኖታ ማንም፣ የትም፣ በምንም ማሽን ያነበዋል።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በየአካባቢያችሁ የምታውቋቸው ክራር መቺዎች፣ በገና ደርዳሪዎች፣ ማሲንቆ ተጫዋቾች አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቅኝታቸውን ቅዱ። ጅማት በጅማት ስንት ሄርትዝ እንደሆነ ለኩና በሠንጠረዥ አስፍሩት፤ የተጫዋቹን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑን ጻፉበት። አንድ ሰው ሲቃኝ የሚይዘው ሌላው ከሚይዘው ቢለይ አታስተካክሉት፣ ሁለቱንም መዝግቡ። ከዚያ አንዱን ይዛችሁ ድርሰት ሥሩበት። ሠንጠረዡን ለጓደኞቻችሁ ስጡ፣ እነሱም ይጨምሩበት። ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ አሁኑኑ ጀምሩ።